የዝንቢቱ ዓይንና የቀለም ጥያቄ፦ ከሞርጋን ጠርሙስ እስከ ነርቭ ካርታ



የዛሬውን ንግግር እንዳቀርብ የጋበዙኝ ባልደረቦቼ «በታሪክ በኩል ይሁን» ብለው አሳስበውኛል። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። እኛ መምህራን ሳይንስን በክፍል ውስጥ የምናስተምረው አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩን ገፍፈን ነው፤ ውጤቱን በሰሌዳ ላይ እንሥላለን፣ ወደ ውጤቱ ያደረሰውን ክርክርና ስሕተት እንተወዋለን። ይህ ልማድ እኔን በግሌ አሳፍሮኛል፤ እንዴት እንደሆነ በቦታው እነግራችኋለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑንም አስቀድሜ ላስታውቅ።

የምናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ፍጥረት ነው። በጠላ ጋን አፍ ላይና በበሰለ ሙዝ ዙሪያ የምታንዣብበው፣ ብዙዎቻችን «ትንኝ» ብለን በእጃችን የምናባርራት የፍራፍሬ ዝንብ ናት፤ በሳይንስ ስሟ ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር። ይህች ዝንብ ቀለም ታያለች ወይ? ካየችስ ቀለሙን የሚለዩላት የትኞቹ ነርቮች ናቸው፣ እንዴትስ ተሳስረው?

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነጥብ ማስጨበጥ አለብኝ፤ ይህን ያልያዘ ሰው የሚቀጥለው ክርክር ሁሉ ይጠፋበታል። አንድ ብርሃን ተቀባይ ሕዋስ ብቻውን ቀለም አያውቅም። ሕዋሱ የሚያስተላልፈው ምን ያህል ፎቶን እንደዋጠ ብቻ ነው። በጣም በሚስማማው የሞገድ ርዝመት የመጣ ደካማ ብርሃንና እምብዛም በማይስማማው የሞገድ ርዝመት የመጣ ብርቱ ብርሃን ለእርሱ አንድ ናቸው። የምጽዋት ሣጥን የሚከፍት ሰው ጠቅላላውን ገንዘብ ይቆጥራል እንጂ ማን ስንት እንደጣለ ሊናገር አይችልም፤ ሕዋሱም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ቀለም የሚገኘው ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ሕዋሳት የቆጠሩትን አንድ ሦስተኛ አካል ሲያነጻጽር ነው። የዛሬው ታሪክ በሙሉ ያንን አነጻጻሪ የመፈለግ ታሪክ ነው ማለት ይቻላል።

ስለ ሰው ዓይን የነበረው ክርክር ቀድሟል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ የሰው ዓይን ሦስት ዓይነት ተቀባዮች ብቻ ቢኖሩት ቀለማትን ሁሉ ለመለየት እንደሚበቁት ገመቱ፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ሐሳቡን አጠናከሩት። ኤቫልድ ሄሪንግ ግን በ1870ዎቹ ተነሥተው ሌላ ነገር አስተዋሉ። ወደ ቢጫ የሚያደላ ቀይ እናያለን፤ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቀይ ግን አይተን አናውቅም። ቢጫና ሰማያዊም እንዲሁ አይዋሐዱም። ከዚህም ተነሥተው ቀለማት በጥንድ የሚጻረሩ ናቸው፣ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይወድቃል አሉ። የሁለቱ ወገኖች ጠብ ለአሥርት ዓመታት ዘለቀ፤ ተማሪዎቻቸውም ወረሱት። በ1956 ጉናር ስቬቲኪን ከዓሣ ሬቲና ውስጥ ለአንዱ ቀለም ወደ ላይ፣ ለሌላው ወደ ታች የሚመልስ የኤሌክትሪክ ምልክት መዘገቡ። መጀመሪያ የቀዱት ከራሳቸው ከብርሃን ተቀባዮቹ መስሏቸው ነበር፤ በኋላ ምልክቱ ከተቀባዮቹ ቀጥሎ ካሉ ሕዋሳት የመጣ መሆኑ ታወቀ። ይህችን ስሕተት በአእምሯችሁ ያዙልኝ፤ ስለ ዝንቢቱ ስናወራ ተገልብጣ ትመለሳለች።

አሁን ወደ ነፍሳት እንለፍ። እንግሊዛዊው ጆን ሉቦክ በ1880ዎቹ መጀመሪያ በጉንዳኖች ላይ ባደረጉት ሙከራ እኛ የማናየው ከሐምራዊ ወዲያ ያለው ጨረር፣ ማለትም አልትራቫዮሌት፣ ለጉንዳኖች የተሰወረ እንዳልሆነ አሳዩ፤ ጨረሩ ሲያርፍባቸው ልጆቻቸውን ተሸክመው ይሸሹ ነበርና። ይሁን እንጂ አንድ እንስሳ ከብርሃን መሸሹ ወይም ወደ ብርሃን መሮጡ ቀለም ለማየቱ ማስረጃ አይሆንም። ይህን በብርቱ የተከራከሩት የሙኒኩ የዓይን ሐኪም ካርል ፎን ሄስ ናቸው። ዓሦችም ንቦችም ወደ ደመቀው ብርሃን ብቻ ይሄዳሉ፣ ቀለም አያውቁም ብለው ደመደሙ።

በጊዜው ወጣት የነበሩት ካርል ፎን ፍሪሽ በ1914 ባሳተሙት ሥራ የሰጡት መልስ እስከ ዛሬ ከማደንቃቸው ሙከራዎች አንዱ ነው። አንድ ሰማያዊ ካርቶን፣ በዙሪያው ከነጭ እስከ ጥቁር በደረጃ የተለያዩ ግራጫ ካርቶኖች፤ ስኳር ውኃው በሰማያዊው ላይ ብቻ። ንቦቹ ከተለማመዱ በኋላ ስኳሩ ተነሣ፣ የካርቶኖቹ ቦታ ተቀያየረ። ንቦቹ ቀለም የማያዩ ቢሆኑ ኖሮ በድምቀት ከሰማያዊው ጋር የሚመሳሰል አንድ ግራጫ ባሳሳታቸው ነበር። አልተሳሳቱም፤ ሰማያዊውን ለይተው አረፉበት። ልብ በሉ፦ ሄስ ያዩት ሐሰት አልነበረም። በጨለማ ክፍል ውስጥ መውጫ የምትፈልግ ንብ በእርግጥም ወደ ድምቀት ትሮጣለች። የሁለቱ ልዩነት እንስሳዋን ምን ብለው ጠየቋት የሚለው ነው።

የእኛ ዝንብ ወደ ቤተ ሙከራ የገባችበት በር ከዚህ ሁሉ የራቀ ነበር። በ1910 በኒውዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ሃንት ሞርጋን በወተት ጠርሙስ ከሚያረቧቸው ቀይ ዓይን ዝንቦች መካከል አንድ ነጭ ዓይን ወንድ አገኙ፤ በእርሱም የዘር ውርስ ከክሮሞሶም ጋር የተያያዘ መሆኑን ማስረዳት ቻሉ። ነገሩ ሁሉ ስለ ዓይን ቀለም ነበር፤ ዓይኗ ስለሚያየው ቀለም ግን ማንም አልጠየቀም። የዚያ ነጭ ዓይን ዝርያ ዘሮች ዛሬም በየቤተ ሙከራው አሉ፤ ብርሃን ከአንዱ የዓይን ክፍል ወደ ሌላው እንዳይፈስ የሚጋርደው ቀይ ቀለም ስለሌላቸው አጥርተው አያዩም። በ1915 ደግሞ ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካኻል ከዶሚንጎ ሳንቼዝ ጋር ሆነው የነፍሳትን የእይታ ነርቮች በቀለም ነክረው ሣሉ። ካኻል የሰውንና የአጥቢ እንስሳትን ሬቲና ሲመረምሩ የኖሩ፣ በ1906 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉ ሰው ናቸው፤ ሆኖም የነፍሳቱ አሠራር ረቂቅነት አስደንግጧቸዋል። የእኛ ሬቲና ከእርሱ ጋር ሲነጻጸር ከኪስ ሰዓት አጠገብ እንደተቀመጠ ሻካራ የግድግዳ ሰዓት መሆኑን በትዝታቸው ጽፈዋል።

ከዚያ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት በዝምታ አለፈ ባልል እንኳ፣ የዘር ውርስ ተመራማሪዎችና የነርቭ ሠዓሊዎች ተገናኝተው አላወሩም። ያገናኟቸው ሲሞር ቤንዘር ናቸው። በፊዚክስ ዶክትሬታቸውን የሠሩ፣ ከዚያ ወደ ቫይረስ ዘረ መል የተሻገሩ፣ በመጨረሻም በካሊፎርኒያ ወደ ዝንብ ባሕርይ የመጡ ሰው። በ1967 ያሳተሙት ዘዴ ለማመን የሚከብድ ቀላል ነው፦ በተርታ የተደረደሩ የመስታወት ቱቦዎች፣ በአንድ ጫፍ መብራት። ወደ ብርሃን የሚሮጡ ዝንቦች ወደ ቀጣዩ ቱቦ ይሻገራሉ፣ የማይሮጡት ይቀራሉ። ደጋግሞ መለየት፣ ከዚያ የቀሩት ለምን እንደቀሩ መመርመር። በተመሳሳይ መንገድ አልትራቫዮሌትንና አረንጓዴ ብርሃንን አቅርቦ ማስመረጥም ይቻላል። ጤነኛዋ ዝንብ ያለማመንታት ወደ አልትራቫዮሌቱ ትሄዳለች። ወደ አረንጓዴው የሚሄድ አንድ ዝርያ ግን ተገኘ።

የዚህን ዝርያ ነገር ለመረዳት የዓይኗን አሠራር ማየት አለብን። እያንዳንዱ ዓይን ከ700 በላይ ጥቃቅን የዓይን ክፍሎች አሉት፤ ኦማቲዲየም እንላቸዋለን። በእያንዳንዱ ውስጥ ስምንት ብርሃን ተቀባዮች ተደርድረዋል። ከአር1 እስከ አር6 የተባሉት ስድስቱ በዙሪያ ይቆማሉ፤ አር7 በመካከል፣ አር8 ደግሞ ከእርሱ ሥር። በዚያ ዝርያ አር7 ጨርሶ የለም፤ ስለዚህ «ሰባት አልባ» የሚል ትርጉም ያለው «ሴቨንለስ» የሚል ስም ወጣለት። ዊልያም ሃሪስ፣ ዊልያም ስታርክና ጆን ዎከር በ1976 እንዲህ ያሉ ዝርያዎችን እያነጻጸሩ የትኛው ሕዋስ ለየትኛው ብርሃን እንደሆነ ለዩ፤ አር7 የአልትራቫዮሌት ተቀባይ መሆኑ ተረጋገጠ።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ወጣ ልበል። ሴቨንለስ የተባለው ዘረ መል በ1987 ሲነበብ በሕዋስ ገጽ ላይ የሚቆም መልእክት ተቀባይ የሚሠራ ሆኖ ተገኘ። መልእክቱ ወደ ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ የተከተሉ ተመራማሪዎች በ1991 «የሴቨንለስ ልጅ» ብለው የሰየሙትን ዘረ መል አገኙ፤ በእርሱም በኩል ራስ ወደተባለው ፕሮቲን ደረሱ። ራስ ሲበላሽ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉት ዘረ መሎች ዋነኞቹ አንዱ ነው። ዛሬ በካንሰር ምርምር መጻሕፍት የምታገኙት «ሶስ» የሚል ምሕጻረ ቃል የመጣው ከዚህች ዝንብ ዓይን ነው። «ይህ ጥናት ምን ይጠቅማል?» ብለው የሚጠይቁ የበጀት ኮሚቴዎች ሲያጋጥሙኝ የምነግራቸው ይህንን ነው፤ ሁልጊዜ ባይሳካልኝም።

ወደ ነገራችን እንመለስ። የሴቨንለስ ሙከራ ሄስን የሚያስደስት ዓይነት ነበር፤ ዝንቢቱ የትኛውን ብርሃን እንደምትመርጥ እንጂ ቀለም መለየቷን አያሳይም። የፎን ፍሪሽን ጥያቄ ለዝንብ ያቀረቡት በ1977 ሜነና ሽፓትዝ ናቸው። አንዱን ቀለም ከቅጣት ጋር አያይዘው ዝንቦቹን አስተማሩ፤ ድምቀቱ ቢለዋወጥም ዝንቦቹ የተማሩትን ቀለም ለዩ። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አገኘ፦ አዎን፣ ታያለች።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን ቀረ። ከ1985 ጀምሮ እስከ 1990ዎቹ ማብቂያ ድረስ በተቀባዮቹ ውስጥ ያሉት ብርሃን የሚውጡ ፕሮቲኖች አንድ በአንድ ተለዩ። ስድስቱ የዙሪያ ሕዋሳት አንድ ዓይነት፣ ለሰፊ የብርሃን ክልል የሚመልስ ፕሮቲን አላቸው። የመካከሎቹ ሁለት ግን በሁለት ወገን ይከፈላሉ፦ በአንዳንዱ የዓይን ክፍል አር7 በ345 ናኖሜትር ገደማ ለሚገኝ አልትራቫዮሌት፣ አር8 ለሰማያዊ፤ በሌላው አር7 በ375 ናኖሜትር ገደማ ላለው፣ አር8 ለአረንጓዴ። የመጀመሪያው ወገን ሠላሳ በመቶ ያህል፣ ሁለተኛው ሰባ በመቶ ያህል ነው፤ በዓይኗም ላይ ያለ ሥርዓት ተበትነዋል። ማን ወሰነ? በ2006 ከክሎድ ዴፕላን ቤተ ሙከራ የወጣው መልስ አስደናቂ ነው፦ እያንዳንዱ አር7 ስፓይንለስ የተባለውን ዘረ መል ለማብራትም ሆነ ለማጥፋት ዕጣ ይጥላል። ሁለት ዝንቦች፣ የአንዲት ዝንብ ሁለት ዓይኖች እንኳ፣ አንድ ዓይነት ሥርጭት የላቸውም።

አሁን ወደ ነውሬ ደረስኩ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በክፍል የማስተምረው ሥዕል ይህ ነበር፦ በሰሌዳው ግራ ስድስቱ የዙሪያ ሕዋሳት፣ «እንቅስቃሴ፤ ቀለም የማያውቁ»፤ በቀኝ አር7ና አር8፣ «ቀለም»። በመካከላቸው ወፍራም መስመር። ከእኛ ዓይን በትርና ቾክ ጋር ስለሚመሳሰል ለማስታወስ ይመቻል፤ መነሻውም ጥሩ ነበር፣ እንቅስቃሴን ለመከተል ስድስቱ ዋነኛ መሆናቸው በ1970ዎቹ ታይቷልና። አንድ ቀን ቀለም የዘለቀው ተማሪ እጁን አነሣና «መምህር፣ ሁሉም በስተመጨረሻ መልእክታቸውን ወደ አንድ የአንጎል ክፍል የሚያደርሱ ከሆነ፣ እዚያ እንዳይነጻጸሩ የሚያግዳቸው ምንድን ነው?» አለኝ። እኔም «ንድፉን አክብረህ ያዝ» ብዬ አለፍኩት። በፈተናም «ስድስቱ በቀለም እይታ ድርሻ አላቸው» ብለው የጻፉትን ሁሉ ነጥብ ከለከልኩ።

በ2013 ክሪስቶፈር ሽናይትማንና ባልደረቦቹ ዕውር የሆኑ ዝንቦችን ወስደው፣ የጎደለውን ዘረ መል በተመረጡ ተቀባዮች ብቻ እየመለሱ፣ ሰማያዊና አረንጓዴን መለየት ይማሩ እንደሆነ ፈተኑ። ስድስቱ የዙሪያ ሕዋሳት ለቀለም መለየት አስተዋጽኦ ያደርጋሉ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎም አር7ና አር8 ለእንቅስቃሴ እይታ እንደሚረዱ ታይቶ ነበር። ወፍራሙ መስመሬ ከሁለቱም ወገን ፈረሰ። ጽሑፉን ባነበብኩበት ምሽት ያነሣሁት አሮጌ የፈተና ወረቀት ነበር። የተከለከለው ነጥብ ከእንግዲህ አይመለስም፤ ያ ተማሪም ዛሬ በሌላ ሙያ ላይ ነው።

ጥያቄው ትክክል የነበረበትን ምክንያት ካያችሁ የነርቭ ትስስሩን አገኛችሁት ማለት ነው። የዙሪያዎቹ ሕዋሳት ላሚና በተባለው ክፍል ያቆማሉ፤ መልእክታቸው ከዚያ በሌሎች ነርቮች ወደ ሜዱላ ይተላለፋል። አር7ና አር8 ግን ላሚናን አልፈው በቀጥታ ሜዱላ ይገባሉ። ሜዱላ አሥር ንብርብር አላት፤ ከአንድ የዓይን ክፍል የመጡት አር7ና አር8 በአንድ ዓምድ ውስጥ ጎን ለጎን ይወርዳሉ። ሁለቱም የሚለቁት ኬሚካል ሂስታሚን ነው፤ ሮጀር ሃርዲ በ1980ዎቹ እንዳሳዩት ሂስታሚን በዚህ ቦታ ተቀባዩን ሕዋስ ይገታል እንጂ አያነሣሣም። በ2018 ከዲርክ ራይፍ ቤተ ሙከራ የወጣው ግኝት ይህን ዕውቀት ተጠቀመ። ከአንድ ዓምድ የሆኑት አር7ና አር8 ሂስታሚንን እርስ በርስ ይረጫጫሉ፣ አንዱ ሌላውን በቀጥታ ይገታል። ስለዚህ የአር7 ጫፍ ለአልትራቫዮሌት ከፍ ሲል ለሰማያዊ ወይም ለአረንጓዴ ዝቅ ይላል፤ የአር8 ደግሞ ተቃራኒውን።

ስቬቲኪንን አስታውሱ። ተቀባይ መስሏቸው የቀዱት ተጻራሪ ምልክት ከተቀባይ አልነበረም። በዝንቢቱ ግን በእርግጥም ከራሱ ከተቀባዩ ነው። አንዱ ሕዋስ ዓይን ውስጥ ባለው ጫፉ የሄልምሆልትዝ ሕዋስ ነው፣ ሜዱላ ውስጥ ባለው ጫፉ የሄሪንግ። ለአሥርት ዓመታት የተጣሉት ሁለት ትምህርት ቤቶች በአንድ ክር ሁለት ጫፎች ላይ ተቀምጠዋል።

በ2020 በሩዲ ቤኒያ የሚመራው ቡድን ሌላ መንገድ ጨመረ፦ ዲኤም9 የተባለ ነርቭ በብዙ ዓምዶች ላይ ተዘርግቶ ተቀባዮቹ በጋራ የሚናገሩትን እየሰበሰበ መልሶ ይቀንስላቸዋል። የተቀባዮቹ የሞገድ ክልሎች ስለሚደራረቡ ሁሉም አንድን ነገር ደጋግመው ያወራሉ፤ የጋራው ሲቀነስ የሚቀረው ልዩነቱ ነው፤ ቀለምም የሚነበበው ከዚያ ልዩነት ነው። የቤኒያ ቤተ ሙከራ ያለው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መሆኑን ስነግራችሁ የሞርጋንን ጠርሙሶች የምታስታውሱ ይመስለኛል።

ስለ ምርጫ ደግሞ አንድ ቃል። በ2008 ዲኤም8 የተባለ፣ ከብዙ አር7 የሚቀበል ነርቭ ለአልትራቫዮሌት ምርጫ አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል። የምርጫ ጥያቄና የመለየት ጥያቄ የተለያየ መሆኑን ፎን ፍሪሽ በባሕርይ አሳይተው ነበር፤ በነርቮቹም ዘንድ መንገዱ በከፊል የሚለያይ ይመስላል።

የቀረውን ካርታው አፋጥኖታል። በ2013 ከሜዱላ ቁራጭ 379 ነርቮችና 8,637 ግንኙነቶች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተነበቡ። በ2024 የአንዲት ሙሉ ሴት ዝንብ አንጎል ወጣ፤ 140 ሺህ ያህል ነርቮችና ከ50 ሚሊዮን በላይ ግንኙነቶች። ከነርቮቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእይታ ክፍሎች ውስጥ ናቸው። በዚያው ዓመት የቤኒያ ቡድን በሜዱላ ውስጥ ለአንድ ለተወሰነ የቀለም ዓይነት ብቻ የሚነሡ ነርቮችን ዘገበ፤ ይህን ችሎታ የሚሰጣቸውም ነርቮቹ እርስ በርስ መልሰው የሚነጋገሩበት ትስስር መሆኑን በካርታው በተገደበ ሞዴል አስረዳ። ካኻል በእጃቸው የሣሉትን ጥልፍልፍ አሁን ግንኙነት በግንኙነት መቁጠር ተችሏል።

ከእኛ አገር ጋር የሚያገናኘን አንድ እውነትም አለ። ይህች ዝንብ በትውልዷ አፍሪካዊት ናት። በ2014 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ሁሉ የጠቆረ ገላ ያላቸው የኢትዮጵያ ዝንቦች መሆናቸውን፣ ጥቁረታቸውም ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ከአልትራቫዮሌት ጨረር ብርታት ጋር ከሁሉ ይልቅ እንደሚዛመድ ዘግቧል። ይህ ስለ ገላ እንጂ ስለ ዓይን አይደለም፤ አንዱን ከሌላው መደምደም አይገባም። ግን ከዚህ አዳራሽ ውጭ በአንድ ማሰሮ ሙዝ የምትያዝ ዝንብ አለች፣ ሁለት ቀለም ያላቸው አምፖሎች ብዙ ዋጋ የላቸውም፣ የቤንዘር ቱቦዎችም ከመስታወት ቱቦ የዘለለ ነገር አይሹም። በሚቀጥለው መንፈቅ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች እንዲሞክሩት አዝዣለሁ፤ ድምቀቱን ሳያስተካክል የሚመጣ ሪፖርት ግን አልቀበልም።

ያንን የፈተና ጥያቄም አሁንም አወጣዋለሁ። መልሱን ብቻ ቀይሬዋለሁ፤ ከጎኑም «በ2013 እንደሚታወቀው» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን ማንሣት ትችላላችሁ።